ሐረር መርከብ አይደለችም፦ የሰርግ መጠጥ መቼ ይገዛ?

ሐረር ላይ የልጁን የሰርግ ቀን የቆረጠ አባት መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ስለ ሙሽሮቹ አይደለም። ስለ መጠጥ ነው። «መጠጡን አሁኑኑ ግዛ፣ ነገ ይጨምራል» ይለዋል ወንድሙ። ጎረቤቱም ይደግምለታል። የሰርግ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተብሎ የተመረጠው ዘመድም ከዚህ የተለየ ነገር አያውቅም። አከፋፋዩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ደብተሩን ገልጦ «ጋሼ፣ የዛሬው ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» የሚል ሰው ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ማሰብ የለም። ለልብስ፣ ለሥጋና ለድንኳን የተያዘው ገንዘብ ወጥቶ 50 ካሳ መጠጥ አይሱዙ ላይ ይጫናል። ሰርጉ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል።

አዳራሽ የተከራየው ቤተሰብም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። እሱን የሚጠብቀው «ፓኬጅ» የሚባል ነገር ነው። ምግብ፣ መጠጥ፣ ዲኮር፣ ኬክ ሁሉም በአንድ ላይ ተጠቅሎ በሰው ቁጥር ይባዛል። «ቀድመው ከከፈሉ በዚህ ዋጋ፣ ከቆዩ ግን ዋስትና የለንም።» አባት እንደገና ኪሱን ይከፍታል።

ሁለቱም ጋ የሚሸጠው ነገር ጠርሙስ ይምሰል እንጂ ፍርሃት ነው። ምክሩ ግማሹ እውነት በመሆኑ ደግሞ ከፍጹም ውሸት የበለጠ ቤት ያፈርሳል። ዋጋ ይጨምራል፣ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ መጠጡን አሁን ግዛ፣ ይህ ግን ከእውነቱ ጋር የማይያያዝ ሌላ ነገር ነው። ዋጋን ቀድሞ መወሰን ይቻላል፤ ብዛትን ቀድሞ መወሰን ግን አይቻልም። ሻጮች ሁለቱን አንድ ላይ አስረው ይሸጣሉ፣ ትርፋቸውም ያለው ቋጠሮው ላይ ነው።

በመጀመሪያ ለፍርሃቱ የሚገባውን ክብር እንስጠው። ሰው ዝም ብሎ አልፈራም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ የቢራ ዋጋ እንዴት እንደዘለለ ሁሉም ያስታውሳል። በ2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከ58 ብር በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን አንድ ወር ቀድሞ የገዛ ሰው አተረፈ ቢባል ማንም አይከራከርም። «አላልኩህም?» እያሉ እስከ ዛሬ የሚኮሩ አጎቶች አሉ፤ ይኩሩ። ነገር ግን አንድ ጊዜ የደረሰን መዓበል ለየሰርጉ መመሪያ ማድረግ፣ አንዴ በበጋ ስለዘነበ ዓመቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዞ እንደመዞር ነው።

በመደበኛ ጊዜ የመጠጥ ዋጋ የሚንቀሳቀሰው በሚታወቅ ቀን ነው። ሐረር የሰርግ ወቅቷን ተደብቃ አታውቅም። ክርስቲያኑ በጥር ይድራል፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ያቆማል፣ ፋሲካን ተከትሎ እንደገና ይጀምራል። ሙስሊሙ ረመዳን ካለፈ በኋላ ነው። ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያበቃ ሸዋሊድ ይከበራል። ይህ በኅዳር 2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው በዓል ወጣቶች የሚተያዩበትና የሚተጫጩበት ጊዜ እንደሆነ የሐረር ሰው ለእንግዳ ሁሉ ይናገራል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ከቶሮንቶ እስከ ሜልቦርን ያለው ዘመድ ዕረፍቱን ይዞ ይመጣል፤ ልጁን ሀገር ቤት ለመዳርም ያመቸዋል። ገዢው እነዚህን ወራት ያውቃቸዋል። አከፋፋዩማ ከገዢው በላይ ያውቃቸዋል፤ መጋዘኑን የሚሞላው በእነሱ ቀመር ነው። ስለዚህ «የዛሬው ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» የሚለው ዜና ሳይሆን የሽያጭ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ሰርግ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል።

400 ሰው ተጠርቷል እንበል። አባት ቀድሞ ሲገዛ የሚያስበው እንዲህ ነው፦ ለአንድ ሰው 3 ጠርሙስ፣ በጠቅላላ 1,200 ጠርሙስ፣ አንድ ካሳ 24 ስለሚይዝ 50 ካሳ። ሰርጉ ደረሰ። ከተጠራው 330 ሰው መጣ። ሕፃኑንም፣ አዛውንቱንም፣ ፊቱን አሳይቶ የሄደውንም አንድ ላይ ሲቆጥሩት በአማካይ 2 ጠርሙስ ተጠጣ። ይህ 660 ጠርሙስ ነው፤ 28 ካሳ አይሞላም። 22 ካሳ ተረፈ።

ዋጋው በሁለቱ ወር ውስጥ 10 በመቶ ጨመረ እንበል። አባት ቀድሞ በመግዛቱ ያዳነው በተጠጣው 28 ካሳ ላይ ያለውን 10 በመቶ ነው። ያ የ3 ካሳ ዋጋ እንኳ አይሞላም። የተረፈውን 22 ካሳ ደግሞ ለሰፈር ግሮሰሪ በገዛበት ዋጋ 20 በመቶ ቀንሶ ቢሸጠው ከ4 ካሳ በላይ ዋጋ ከሰረ። የጭማሪው ፍርሃት እውን ሆኖ እንኳ አባት ተጎድቷል! ዋጋው ባይጨምር ኖሮ ደግሞ ኪሳራው ብቻ ይቀርለት ነበር። ሒሳቡ የሚገለበጠው ጭማሪው እንደ 2016ቱ ድንገተኛና ትልቅ ሲሆን፣ ወይም ባለሰርጉ የሚጠጣውን ልክ በትክክል ሲያውቅ ነው። የመጀመሪያውን ማንም አይተነብየውም። ሁለተኛውን የሚያውቅ ባለሰርግ ካለ ሙያውን ቢያስተምረን ጥሩ ነበር።

በሒሳቡ ውስጥ ያልገባም አለ። ሁለት ወር ቤት የተቀመጠ መጠጥ ሁለት ወር ሙሉ የሚጠጣ መጠጥ ነው። ሽማግሌ ሊያማክር የመጣ፣ ድንኳን ሊለካ የመጣ፣ የጥሪ ካርድ ሊወስድ የመጣ ሁሉ «ከዚያ ከሰርጉ አንድ ክፈቱለት» ይባልለታል። የሐረር ሰው እንግዳውን ደረቅ ጉሮሮ አይሸኝም፣ ይህ ደግሞ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ሰርጉ ሲደርስ ሁለት ሦስት ካሳ በሰላምታ አልቋል። ከዚያም ቦታው። በጀጎል ውስጥ ጌ ጋር ያለው ሰው ናደባው ላይ የሚደረድረው ካሳ የለም፤ ናደባ የእንግዳ መቀመጫ ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ሸራ ተጥሎበት ይከመራል። ፀሐይ ላይ የሰነበተ ቢራ ሽታው ይለወጣል። ጠርሙስ ይሰበራል። ባዶ ጠርሙሱና ካሳው ማስያዣ የተከፈለባቸው ስለሆኑ የተሰበረው ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ አንዴ ለመጠጡ፣ አንዴ ለጠርሙሱ።

አዳራሽ ውስጥ የሚሆነው ከዚህ ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚተርፈውን እንኳ ማንም አያየውም።

ያንኑ 400 ሰው እንውሰድ። አዳራሹ ለመጠጥ በሰው 250 ብር አለ እንበል። 100,000 ብር። ወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ሳይጨምር» ተብሏል። 10 በመቶ አገልግሎት ሲጨመር 110,000፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 126,500 ብር። ብዙ ሰው «25 በመቶ ነው» ብሎ በልቡ ይደምራል፤ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚታሰብ 26.5 በመቶ ነው። አሁን ያው አዳራሽ በጠርሙስ 100 ብር ቢያስከፍል፣ የተጠጣው 660 ጠርሙስ 66,000 ብር፣ ከነአገልግሎቱና ታክሱ 83,490 ብር ይመጣል። ልዩነቱ 43,010 ብር ነው። ፓኬጁ የሚያዋጣው የመጡት 330 ሰዎች፣ ጡት የሚጠባው ሕፃን ሳይቀር፣ እያንዳንዳቸው ከ3 ጠርሙስ በላይ ከጠጡ ብቻ ነው።

ሐረር ላይ ይህ ስሌት ከየትም ከተማ በባሰ ሁኔታ የተዛባ ነው። የፓኬጅ ዋጋ የሚሰላው ቢራ በሚጠጣው ሰው ነው። የሐረር ሰርግ ጠረጴዛ ግን ሌላ ነው። አንድ ወገን ሐረር ሶፊ ተደርድሯል፤ ከሐረር ቢራ ፋብሪካ የሚወጣው አልኮል አልባ የብቅል መጠጥ ነው፣ ስሙም ከክልሉ ገጠር ወረዳ ከሶፊ ጋር አንድ። አጠገቡ ለስላሳና ውሃ አለ። ወዲያ ጥግ ላይ የክርስቲያን ጓደኞችና የሥራ ባልደረቦች ቢራቸውን ይዘዋል። አንዱ ሶፊ ጠጥቶ፣ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ለመግሪብ ሰላት የሚነሳ አጎት በፓኬጁ ውስጥ ከአምስት ቢራ ጠጪ ጋር እኩል ተከፍሎበታል። እናትየው የጋበዘቻቸው ሴቶች ቡና ነው የሚፈልጉት። ሻይ የጠጣው ልጅም ያው 250 ብር ነው። በሃይማኖቱ የማይጠጣውን ሰው የቢራ ዋጋ ማስከፈል የት ሀገር እንደ ቸርነት ይቆጠራል?

ለፍትሕ ሲባል የተቃራኒው ምሳሌም መነገር አለበት። በርጫ የተቀመጠ ሰው ውሃና ለስላሳ ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ የተቀመጠ የወንዶች ድንኳን በነፍስ ወከፍ 2 ጠርሙስ የሚለውን አማካይ በአንድ ሰዓት ይሰብረዋል። እንዲያውም ለዚህ ነው በጅምላ «ለሰው ይህን ያህል» የሚል ቁጥር የማይሠራው። ውሃው ለብቻው፣ ሶፊው ለብቻው፣ ቢራው ለብቻው መገመት አለበት። ፓኬጅ የሚባለው ነገር ደግሞ ይህን መለየት እንዳይቻል ተብሎ የተሠራ ነው።

ይህ ዘዴ የሐረር ፈጠራ አይደለም። በባሕር ላይ የመዝናኛ ጉዞ የሚያዘጋጁት ትልልቅ መርከቦች ከጀመሩት ቆይተዋል። ተሳፋሪው ገና ቤቱ ሳለ «የመጠጥ ፓኬጁን አሁን ቢገዙ ይረክሳል፣ መርከብ ላይ ይወደዳል» ይባላል። አንዳንዶቹ ኩባንያዎች በአንድ ክፍል ካሉት አዋቂዎች አንዱ ፓኬጁን ከገዛ ሌላውም እንዲገዛ ያስገድዳሉ፤ ባል ጠጪ ሚስት የማትጠጣ ብትሆንም ለሁለት ይከፈላል። «ያልተገደበ» ከሚመስለው ፓኬጅ ላይ በቀን 15 የአልኮል መጠጥ ብቻ ብሎ ጣሪያ ያበጀም አለ። ከውጭ መጠጥ ይዞ መግባት የተገደበ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በአንድ ምክንያት ነው፤ ባሕር ላይ ሱቅ የለም። ተሳፋሪው ወርዶ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ በርካሽ ገዝቶ መመለስ አይችልም። በዚያ ሁኔታ ቀድሞ መግዛት ለአንዳንዱ ሰው ሊያዋጣ ይችላል። ደግሞም ከመርከቦቹ መካከል ሳይነሱ በፊት ዋጋ ከወረደ የመጀመሪያውን ሰርዞ በአዲሱ ዋጋ እንደገና መግዛትን የሚፈቅዱ አሉ።

ሐረር ግን መርከብ አይደለችም። ሰርግ መሐል ሶፊ ቢያልቅ አንድ ወጣት ባጃጅ ይዞ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አምስት ካሳ ይዞ ይመለሳል። ሸዋ በር ላይ ወይም ፈረስ መጋላ አካባቢ የሚሸጥ መጠጥ ጠፍቶ ያውቃል? ፋብሪካው እዚሁ ከተማ ነው፣ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ። በነሐሴ 2003 ሄኒከን ከበደሌ ጋር ገዛው እንጂ ከሐረር አልወሰደውም። ለስላሳውም ከድሬዳዋ በ50 ኪሎ ሜትር አስፋልት ይመጣል። መጠጥ በሞላበት ከተማ መሐል ያለን አዳራሽ መርከብ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈው «ከውጭ መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት፣ ወይም «ኮርኬጅ» ተብሎ በየጠርሙሱ የሚጠየቀው ገንዘብ። ባሕሩን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ሠርተው ሲያበቁ የመዋኛ ጎማ ይሸጣሉ። መርከቡ የሚሰጠውን የመሰረዝ መብት ግን አይሰጡም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቋጠሮውን መፍታት። ዋጋው ቀድሞ ይታሰር፣ መጠጡ ዘግይቶ ይምጣ። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ 1952 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ መጽሐፋችን አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሕዝባችን የመጀመሪያውን ግማሽ በቃሉ ያውቀዋል፤ ቀብዱ እንደሚበላ። ሁለተኛውን ግማሽ ግን ቤትና መኪና ሲገዛ እንጂ ቢራ ሲገዛ አያነሳውም። አከፋፋዩ ቀብድ ተቀብሎ «ዋጋ ጨምሯል፣ ካልፈለጉ ገንዘቦን ይውሰዱ» ሲለው አባት ራሱን ዝቅ አድርጎ የሰጠውን ብቻ ይዞ ይወጣል፣ ወይም ልዩነቱን ይጨምራል። እጥፉን መጠየቅ መብቱ ነበር።

እዚህ ላይ ቀብዱ ስንት ይሁን የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። ለ28 ካሳ 1,000 ብር ቀብድ የሰጠ ሰው አከፋፋዩን አላሰረውም፤ ዋጋ ሲዘል ባለሱቁ 1,000 ጨምሮ 2,000 መልሶ መጠጡን ለሌላ ቢሸጥ ያተርፋል። ቀብዱ ከሚፈራው ጭማሪ መብለጥ አለበት። 15 በመቶ ይጨምራል ብሎ የሚፈራ ሰው 20 በመቶ ቀብድ ይስጥ፤ ያኔ ለሻጩ ቃሉን ማጠፍ አያዋጣውም። የቀረው 80 በመቶ ገንዘብ እስከ ሰርጉ ሳምንት በአባት እጅ ይቆያል። ልጁ ድንገት ታመመ፣ የሙሽሪት ወገን ቀን አራዘመ፣ ሐዘን ገባ ቢባል የሚጎዳው በ20 በመቶ እንጂ ግቢው ውስጥ ከተከመረ 50 ካሳ ጋር አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ከዋጋው በተጨማሪ ሁለት ነገር ይጻፍ። አንደኛ፣ ብዛቱ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ፤ ከ20 እስከ 35 ካሳ፣ የመጨረሻው ቁጥር ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው የሚነገር። ሁለተኛ፣ ሳይከፈት የተመለሰ ካሳ በተሸጠበት ዋጋ እንደሚመለስ። ይህን ሁለተኛውን ሲሰሙ የሚቆጡ አከፋፋዮች አሉ። ቁጣቸው ምክንያት የለውም። ያልተከፈተ ሶፊ ነገ ለሌላ ሰርግ የሚሸጥ ሶፊ ነው፤ አከፋፋዩ ዓመቱን ሙሉ ሻጭ ነው፣ ባለሰርጉ ግን በዕድሜው ሁለት ሦስት ጊዜ ገዢ ነው። የተረፈውን መሸከም የሚችለው ማን ነው? መጋዘን፣ መኪናና ደንበኛ ያለው፣ ወይስ ከሰርጉ ማግስት ዕዳ የሚቆጥረው አባት?

አንድ አባት ለብቻው ይህን ቢጠይቅ ይሳቅበታል፣ ይህ እውነት ነው። ሐረር ግን ሰውን ለብቻው የማትተው ከተማ ናት። አፎቻ አላት። ለሰርግና ለሐዘን የሚደርሰው የወንዶችም የሴቶችም አፎቻ፣ በክርስቲያኑ ወገን ደግሞ እድሩ፣ ድንኳን ይተክላል፣ ዕቃ ያዋሳል፣ ያበስላል፣ ያስተናግዳል። በየዓመቱ ስንት ሰርግ እንደሚያልፍበት ከማንም በላይ ያውቃል። መጠጡን ግን እያንዳንዱ አባት ብቻውን ሄዶ እንዲገዛ ይተወዋል! በዓመት አሥር ሰርግ ያለው አፎቻ አሥር ደካማ ገዢ ከመላክ አንድ ጠንካራ ገዢ ቢልክ፣ አንዱ ሰርግ ላይ የተረፈው 8 ካሳ ለሚቀጥለው ሰርግ ይሻገራል። መልሰህ ውሰድ ብሎ መለመንም አይኖርም። ድንኳኑን የጋራ ያደረገ ማኅበር ካሳውን የጋራ ማድረግ ለምን ይከብደዋል? የሚከብድ ከሆነ ምክንያቱ የመጠጥ ግዢ የሀብት ማሳያ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ግቢ ውስጥ የተከመረ ካሳ ለጎረቤት ይታያል፣ የጋራ መጋዘን ውስጥ ያለ ግን አይታይም።

አዳራሾቹን በተመለከተ የክልሉ ንግድ ቢሮ ዝም የሚልበት ምክንያት አይታይም። ዋጋ ታክስና አገልግሎት ተደምሮበት ይለጠፍ። ኮርኬጅ የሚጠይቅ ልኩን በር ላይ ይጻፍ እንጂ ሰርጉ ዋዜማ ላይ አይናገር። በሰው የሚታሰብ ፓኬጅ ያለው ሁሉ ከጎኑ በተከፈተ ጠርሙስ የሚታሰብ አማራጭ ያቅርብ። ባለአዳራሾቹ «ሠራተኛ እንቀጥራለን፣ መብራት ይጠፋል፣ ጄነሬተር ናፍጣ ይበላል» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ይበላል። የናፍጣውን ዋጋ በናፍጣ ስም ይጠይቁ፤ ባልተጠጣ ሶፊ ስም አይጠይቁ።

የቀረው አንድ ተቃውሞ ነው፤ ከሁሉም የከበደውም እሱ ነው። ውርደት። «መጠጥ አለቀ» የሚለው ቃል በሰርግ ቤት ውስጥ ከሞት ዜና ያልተናነሰ ይፈራል። አባት 50 ካሳ የሚያስጭነው ስሌት ስላጣ አይደለም። ልጁ ዕድሜዋን ሙሉ «የእሷ ሰርግ ላይ እኮ መጠጥ አልቆ…» እንዳትባል ነው። ይህን ፍርሃት በሒሳብ መሳቅ አይገባም። ነገር ግን መጠጥ እንዳያልቅ የሚያደርገው የተከመረ ካሳ ሳይሆን የተመደበ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ «አለቀ» የሚባለው መጠጥ አላለቀም፤ ቁልፍ ያዡ የት እንደገባ ስላልታወቀ ነው፣ ወይም ቢራው ተትረፍርፎ ውሃ ብቻ ስላለቀ ነው። አንድ ረጋ ያለ ሰው ቁልፍና ደብተር ይያዝ። በየዓይነቱ 5 ካሳ ሲቀር አከፋፋዩ ጋ ይደውል። ባጃጁ በር ላይ ይቁም። ለዚህ ሰው ከነውሎው አበል ቢከፈለው እንኳ ከሁለት ካሳ ዋጋ አይበልጥም።

ስለዚህ መጪው ሸዋሊድ ወይም መጪው ጥር ላይ ለመዳር ያሰበ ቤተሰብ ሰርጉ ሁለት ወር ሲቀረው አከፋፋይ ጋ ይሂድ፣ ግን አይሱዙ አያስከትል። ይዞ የሚሄደው ሦስት ጥያቄና 20 በመቶ ገንዘብ ነው። በዚህ ዋጋ እስከ ሰርጉ ቀን ትጸናለህ? ብዛቱን ሦስት ቀን ሲቀረው ብነግርህ ትቀበላለህ? ያልተከፈተውን በዋጋው ትመልሳለህ? ሦስቱንም «እሺ» ብሎ የሚፈርም ካለ ቀብዱን ይስጠው፣ ከአፎቻው ሁለት ምስክር ያስፈርም። «አቦ፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር እኛ ጋ የለም» ካለ ደግሞ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂድ። ሁሉም ተማክረው እምቢ ካሉ፣ ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ እዚያም የሚሸጠው ያው ሶፊ ነው።